በደጃፉ ላይ የቆመው ወንድም

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚያወጣው አውራ ጎዳና ላይ፥ ቡሬ ሳይደረስ፥ ፍኖተ ሰላም ትገኛለች። በከተማይቱ ውስጥ፥ ከጎዳናው ዳር፥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረች። በመስተዋቷ ላይ የሙሽሮችና የተመራቂዎች ሥዕል በያይነቱ ተለጥፎ ይታይ ነበር፤ የዕለት እንጀራዋ ግን ከዚያ ሳይሆን ከጉርድ ፎቶ ነበረ። ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ፥ ለትምህርት ቤት፥ ለማናቸውም የመንግሥት ጉዳይ ይጠየቃልና። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ በየኪሱ ከመግባቱ በፊት ብዙው የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በዕድሜው የሚነሣው አንድ ወይም ሁለት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበረ፤ ያውም ከደረቱ በላይ፥ ከመጋረጃ ፊት ተቀምጦ፥ ሳይስቅና ዓይኑን ሳይነቅል ነው። በሞተ ጊዜ ለቤተ ሰቡ የሚቀርለት መልክ ይኸው ነው። ስለዚህም ፎቶ ቤቲቱ ሕያዋንን ታነሣ፥ የሙታንንም ሥዕል ታሳድግ ነበር።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት በልጅነቱ ቅኔ ጀምሮ ሳይፈጽም ወደ ዘመናዊ ትምህርት የዞረ፥ ኋላም በባሕር ዳር ከአንድ ባለሙያ ዘንድ ካሜራና ኮምፒዩተር የተማረ ጎልማሳ ነበረ። በየካቲት ወር በአንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት ከቡሬ ገጠር መጥተው ከደጁ ቆሙ። ገብተው ከመቀነታቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ጉርድ ፎቶ ፈቱ፤ ከዘንቢላቸውም በጥር ወር ይኸው ጎልማሳ ራሱ ያነሣውን የልጃቸውን የሠርግ ፎቶግራፍ አወጡና ሁለቱን ጎን ለጎን ከባንኮኒው ላይ አኖሩ።

«ልጄ፥ ይህን ከዚህ ጋር አቁምልኝ» አሉት።

«ማን ነው እማማ?»

«የሙሽራይቱ ታላቅ ወንድም ነው። እሱ ሳይኖር ነው የዳርናት።»

ልጁ ከሦስት ዓመት በፊት ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር ሰሊጥ ሊያርም ወደ መተማ ወርዶ ነበር። በክረምትና በመኸር ከደጋውና ከወይና ደጋው አገር ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለእርሻ ሥራ የሚወርደው ወጣት እጅግ ብዙ ነው። የሚሄደውም ለበሬ መግዣ፥ ለማዳበሪያ ዕዳ፥ ወይም ለጎጆ መውጫ የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ ነው። ወባን ያልለመደ ሰውነት በቆላ ንዳድ ቶሎ ይወድቃል፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣው ካላዛርም በእነዚሁ ሠራተኞች ላይ የሚበረታ ደዌ ነው። ይህን ልጅ የጣለው ወባ ነበረ። እዚያው ተቀበረ። ባልንጀሮቹ ጋቢውንና መታወቂያውን ይዘው ሲመለሱ ለቅሶው በጋቢው ላይ ሆነ። የቀድሞው ወግ እንዲህ ነውና፤ በሩቅ አገር ለሞተ ሰው ልብሱና መሣሪያው በለቅሶው መካከል ይወጣ ነበር፤ ፈረስ የነበረው እንደ ሆነ ፈረሱም ጭምር። ፎቶግራፍ የመጣው ኋላ ነው። እናቲቱ ያመጡትም ጉርድ ፎቶ ከዚያው መታወቂያ ላይ የተላቀቀ ነበረ።

ጎልማሳው ሥራውን ቀላል አድርጎ ገመተው። ሥዕሉን በስካነር ወደ ኮምፒዩተር አገባ። የቀበሌው ክብ ማኅተም በልጁ ትከሻና በጉንጩ ጠርዝ ላይ ዐርፎ ስለ ነበረ፥ ከንጹሑ ቆዳ እየቀዳ ሰማያዊውን ቀለም ሸፈነው። በፊልም ዘመን እንዲህ ያለው እርማት በሾለ እርሳስና በቀጭን ብሩሽ በኔጋቲቩ ላይ ይደረግ ነበር፤ አንድ ጉንጭ ለማቅናት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ዛሬ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ከደረት በታች አካል ስላልነበረውም ባለ ፎቶ ቤቶች ለጉርድ ፎቶ አዘጋጅተው የሚያስቀምጡትን ሱፍና ክራባት አለበሰውና በኋለኛው ረድፍ፥ በአጎቶቹ ትከሻ መካከል፥ አቆመው።

እናቲቱ በሳምንቱ ተመልሰው ሥዕሉን ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ።

«ይህ የሰው ልጅ ነው» አሉ። «የኔ ልጅ ሱፍ ለብሶ አያውቅም።»

ፊቱ ላይ ስሕተት አልነበረም። ፊቱ የልጁ ነበረ። ጎልማሳው ግን እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሥዕሉን ሲያየው ሌላ ነገር ያስጨንቀው ጀመር። ልጁ ሕያው ሆኖ በመካከል ቆሟል። የሙሽራይቱ ልጆች አድገው ይህን ባዩ ጊዜ አጎታችን በእናታችን ሠርግ ላይ ነበረ ይላሉ፤ ማንም የሚያርማቸው አይኖርም። ሰው ሁሉ ፎቶግራፍን እንደ ምስክር በሚቀበልበት አገር ይህ ሐሰተኛ ምስክርነት ነው። ሱፉን ያወለቁት እናት ነበሩ፤ ሐሰቱን ያየው ግን እሱ ነው።

ስለዚህ በሁለተኛው ጊዜ የሞተ ሰው መሆኑ ይታወቅ ዘንድ ሊያሳሳው አሰበ። መንገዱ የታወቀ ነው። በሠርግ አልበም ላይ ሙሽሮቹ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ እንደ ደመና ሰፍተው ይታያሉ፤ በሙት ዓመት መታሰቢያ ጨርቅ ላይም የሟቹ ፊት ከመስቀልና ከሻማ በላይ ሳስቶ ይወጣል። ሁሉም የሚሠራው በአንድ ዘዴ ነው። ፎቶሾፕ የሚባለው ፕሮግራም ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል ጀምረውት በ1990 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣ ነው፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌየር የሚባለው ነገር ተጨመረበት። ሌየር ማለት ሥዕል በሥዕል ላይ እንደ መስተዋት የሚደረብበት ሽፋን ነው። የላይኛው ሽፋን የታችኛውን ምን ያህል እንደሚከልል የሚወስነው ኦፓሲቲ የተባለው ልክ ነው፤ 100 ሲሆን ፈጽሞ ይከልላል፥ 0 ሲሆን ከነጭራሹ አይታይም። በ40 ቢያቆሙት በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ከላይኛው ቀለም ከመቶ 40 እጅ፥ ከታችኛው 60 እጅ ተቀላቅሎ ይወጣል። ጎልማሳውም የልጁን ፊት አሳድጎ በቤቱ ጣሪያ በላይ በጥሩ ሰማይ ላይ ደረበና ልኩን በ40 አቆመው። ጠርዙንም አደብዝዞ ከደመናው ጋር አዋሐደው።

ይሁን እንጂ ብሩህ ሰማይና የጠይም ሰው ፊት ሲቀላቀሉ የሚወጣው ቀለም ዐመድ ነው። እናቲቱ አንድ ጊዜ ብቻ አይተው ሥዕሉን ገለበጡት።

«ልጄን ጢስ አደረግኸው። ምን በደለህ? ይህ ሌሊት የሚመጣ ነገር ነው፤ ከቤቴ አልሰቅለውም።»

ሟች ሲታይ መሳሳት አለበት፥ ከኋላው ያለውም ነገር በገላው ውስጥ አልፎ መታየት አለበት የሚለው ልማድ ከወዴት እንደ መጣ ቢጠይቁት ጎልማሳው መልስ አልነበረውም። በፎቶግራፍ ላይ ያመጣው የሰማይ ራእይ አይደለም፤ የካሜራ ጉድለት ነው። በፎቶግራፍ መጀመሪያ ዘመን መስተዋቱ ብርሃኑን እስኪቀበል ድረስ ብዙ ሴኮንድ ይፈጅ ነበር። በዚያ መካከል ተነሥቶ የሄደ ሰው በግማሽ ብቻ ይቀረጽና ወንበሩ በገላው ውስጥ ይታያል። እስኮትላንዳዊው ሊቅ ዴቪድ ብሩስተር በ1856 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሆን ብሎ ለጨዋታ እንዴት መሥራት እንደሚቻል ገልጿል። ጨዋታውን ንግድ ያደረገው አሜሪካዊው ዊልያም መምለር ነው። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በቦስተን ከተማ፥ ሰው ሲያነሣ የሞተ ዘመዱ ከበስተኋላው ሳስቶ ይወጣል እያለ ገንዘብ ይቀበል ጀመር። ጊዜው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነበረና ልጁን በእጁ ያልቀበረ ቤት ብዙ ነው። በ1869 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በማታለል ተከሶ ቀረበ፤ ማስረጃው ስላልበቃ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ የፕሬዚዳንት ሊንከን ባለቤት ሜሪ ሊንከን ጥቁር ለብሳ ከካሜራው ፊት ተቀመጠች፤ በወጣውም ሥዕል የተገደለው ባሏ ከኋላዋ ቆሞ እጆቹን በትከሻዋ ላይ አኑሮ ይታያል።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላም በእንግሊዝ አገር ዊልያም ሆፕ የሚባል ሰው ይህንኑ ይሠራ ነበር። በ1922 እ.ኤ.አ. ሃሪ ፕራይስ የተባለ መርማሪ በስውር ምልክት የተደረገባቸውን መስተዋቶች ይዞ ሄዶ መስተዋቱ መለወጡን አጋለጠበት። ሆኖም የሸርሎክ ሆምዝ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ለሆፕ ከመከራከር አልተመለሰም። ዶይል በ1918 እ.ኤ.አ. ልጁን ያጣ አባት ነበረ። እንግዲህ ያ ሳስቶ የሚታይ መልክ በጨለማ ክፍል ውስጥ ኀዘንተኛን ለማታለል ሲሠራበት ከቆየ በኋላ፥ ወደ ሲኒማ ገብቶ፥ ከሲኒማም ወደ ፎቶ ቤት ወርዶ፥ በመጨረሻ ከቡሬ ገጠር በመጡ እናት ፊት ቀረበ። እሳቸውም ወዲያው አላወቁትም አሉ።

ጎልማሳው በልጅነቱ ወዳስተማሩት የቅኔ መምህር ሄደ። ነገሩን ሁሉ ከነገራቸው በኋላ፥

«የኔታ፥ የሞተ ሰው እንዴት ነው የሚሣለው?» አለ።

«በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከተሣሉት ቅዱሳን ዛሬ በምድር የሚመላለስ ማን አለ? ሁሉም ያረፉ ናቸው። ቀለማቸው ሳስቶ አይተሃል?»

እውነት ነው። የኢትዮጵያ ሠዓሊ ቀለሙን አጥግቦ ይቀባል፤ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፥ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ያሳየዋል እንጂ ሕያውንና ሙትን በቀለም ውፍረት አይለይም። (በዚህ ሕግ ከሄድን ለመታወቂያ የተነሣ ሰው ሁሉ ጻድቅ ሆኖ ይገኛል።)

«እንግዲያስ ሙሉ አድርጌ ላቁመው?»

«ከሠርጉ ላይ ነበረ?»

«አልነበረም የኔታ።»

«ሠዓሊው ጊዮርጊስን በፈረስ ሲሥል፥ በዚህ ቀን ከዚህ ቆሞ አየሁት ማለቱ አይደለም፤ የሚያየውም ሰው እንዲህ አያስብም። ያንተ ካሜራ ግን አየሁት ይላል።»

ጎልማሳው ቀጥለው ስለ ሰምና ወርቅ የሚነግሩት መስሎት ነበር። የኔታ ግን ስለ ብራና ጀመሩ።

«የተፋቀ ብራና ታውቃለህ። የመጽሐፉ ጌታ ሲለወጥ የፊተኛውን ስም ይፍቁና በላዩ አዲስ ስም ይጽፋሉ። ወደ ብርሃን ብታዘነብለው ግን የፊተኛው ስም ከሥር ይታያል። ፋቂው እንዳይታይ ደክሟል፤ አልሆነለትም። አንተ ደግሞ በላዩ ስትጽፍ የታችኛው እንዲነበብ ተወው፤ የታችኛው እውነት ነውና።»

ወደ ቤቱ ተመልሶ የሠርጉን ፎቶግራፍ እንደ አዲስ አየው። ቤተ ሰቡ ከቤቱ ፊት ተሰልፏል። ከሰልፉ በስተቀኝ የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ከበሩ ግማሽ የእንጨቱ መቃን ፀሐይ መትቶት ይታያል። ይህን በር ራሱ አንሥቶት ሳለ እስከዚያ ቀን አላየውም ነበር። ለእናቲቱም በሚቀጥለው ገበያ ጋቢውንና ታናሽ ወንድሙን ይዘው እንዲመጡ ላከባቸው።

ታናሹ ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው፥ ቁመቱ ከሟቹ ጋር የሚስተካከል ልጅ ነበረ። ጎልማሳው ከግድግዳው ላይ ጥቁር ጨርቅ ዘረጋ፤ ልጁን የሟቹን ጋቢ አልብሶ በአንድ ትከሻው ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ አቆመው። ካሜራውን ሠርጉን ባነሣበት ከፍታ ልክ አደረገ፤ መብራቱንም የሠርጉ ዕለት ፀሐይ በነበረችበት በግራ በኩል አኖረ። በተደራረበ ሥዕል ላይ ሰውን የሚያስነቅፈው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ፊቱ በግራ ፀሐይ፥ ቤቱ በቀኝ ፀሐይ ይበራና ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ይጠራጠራል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፕሮግራሙ ራሱ የጎደለውን አካል በቃል ትእዛዝ ፈጥሮ ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ቢኖርም ያ አካል የማንም ሥጋ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ከተራው ኦፓሲቲ የተለየ ነበር። ስክሪን የሚባል የአደራረብ ዓይነት አለ፤ በዚህ ዓይነት ብርሃን በብርሃን ላይ ይጨመራል፥ ጥቁር ግን ምንም አይጨምርም። ስለዚህ በጥቁር ጨርቅ ፊት የተነሣው ሰው በላዩ ሲደረብ ጨርቁ ያለ መቀስ በራሱ ጠፍቶ ነጩ ጋቢ ብቻ ይቀራል። በብሩህ ሰማይ ላይ ቢሆን ጋቢው ራሱ በጠፋ ነበር፤ በጨለማው በር ውስጥ ግን ወጣ። ከአንገት በላይ ያለውን የታናሹን መልክ በማስክ ሸፍኖ የጉርድ ፎቶውን ፊት አስገባ፤ የፊቱን ጠርዝ ከጋቢው እጥፋት ጋር እስኪስማማ ድረስ አለሰለሰው። ይህ ብቻ ሁለት ሌሊት ፈጀበት። በመጨረሻ ፊቱንና ጋቢውን አንድ ላይ አሰረና የመሳሳቱን ልክ ሳይወስን ተወው።

በገበያው ቀን እናቲቱን ከኮምፒዩተሩ ፊት በርጩማ ላይ አስቀመጣቸው። ልኩን በ20 ጀመረ። በበሩ ውስጥ የሆነ ነጭ ነገር አለ፥ ሌላ ምንም የለም።

«አየሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ጨምር።»

40 ላይ ጋቢው ተለየ። 55 ላይ ዓይኖቹ ወጡ።

«ጨምር ልጄ።»

80 ላይ «መጣ» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ጎልማሳው እጁን ሊያቆም ፈለገ፤ እሳቸው ግን አላቆሙትም። 100 ደረሰ። ልጁ ሙሉ ሆኖ በወላጆቹ ደጃፍ ላይ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ጎልማሳው የፈራው ይህን ነበር፤ እንዲህ ይሁን ቢሉት እንዴት እንደሚመልስላቸው አያውቅም።

«መልሰው» አሉ።

«ለምን እማማ?»

«መቃኑ ጠፋ።» በጣታቸው የመስተዋቱን ፊት ነኩ። የጋቢው ንጣት ፀሐይ የመታውን እንጨት ውጦት ነበር። «ሦስት ዓመት ሙሉ መንገድ ያየሁት ያን እንጨት ይዤ ነው። እሱን አታጥፋብኝ።»

ቀስ እያለ መለሰው። የእንጨቱ መስመር በትከሻው ውስጥ መታየት ሲጀምር «እዚህ ላይ» አሉት። ቁጥሩ 62 ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ ምንም ነገር አልነካም። ልጁ ጢስ አልሆነም፤ ሠርገኛም አልሆነም። እንጨቱ በእሱ ውስጥ እየታየ እሱም በእንጨቱ ላይ ተደግፎ ቆሞ ቀረ።

ሦስት ቅጂ አወጣላቸው፤ አንዱ ቡሬ ለተዳረችው ሙሽራ ነው። ጎልማሳው በሥዕሉ ጀርባ ላይ አንድ ነገር መጻፍ እንዳለበት ሲነግራቸው፥ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ጠየቁት። የልጁን ስም፥ መተማ ላይ ያረፈበትን ወርና ዓመት፥ በሠርጉ ዕለት እንዳልነበረና ኋላ በእጅ እንደ ተጨመረ እጽፋለሁ አለ። ጥቂት አሰቡና «በትልቁ ጻፈው። የልጅ ልጆቼ ፊደል ይቆጥራሉ» አሉ። ዋጋውን ከበርበሬ ሽያጭ ካገኙት ገንዘብ ቆጥረው ሰጡት፤ ሊቀንስላቸው ቢል እንቢ አሉ።

ታናሹ ልጅ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። አሁን ቀርቦ አንዱን ቅጂ አነሣ። በሥዕሉ ላይ ሁለት ጊዜ አለ፤ አንድ ጊዜ ከፊተኛው ረድፍ በራሱ ፊት፥ አንድ ጊዜ በደጃፉ ላይ በወንድሙ ፊት። የጋቢውን ጠርዝ የያዘው እጅ የሱ ነው፤ በአውራ ጣቱ ላይ ያለው የማጭድ ጠባሳ ሳይቀር ወጥቷል።

ጎልማሳው ዓይኑ የት እንዳረፈ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጠባሳውን ላጥፋልህ? ሌላ እንደገና ላወጣ እችላለሁ» አለው።

«ተወው።»

ልጁ ጋቢውን አጥፎ ለእናቱ ሊሰጥ ዘረጋ። እሳቸው ግን ተቀብለው ከዘንቢሉ አላስገቡትም። ዘርግተው በትከሻው ላይ ጣል አደረጉለትና «ነፋስ ነው ውጭው» አሉት። ሥዕሎቹን በላስቲኩ ጠቅልለው ከመቀነታቸው ቋጠሩ፤ ወደ ቡሬ የሚሄደው መኪና ሳይሞላ ለመድረስም ፈጥነው ወጡ።